ጋሼ የሚቆርጠው ሎተሪ የማንን ልጅ ያስተምራል?

ጥያቄው፦ «የምኖረው ጆርጂያ፣ ክላርክስተን ነው። ጋዝ ስቴሽን ውስጥ ካሸር ነኝ። አጎቴ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ በየቀኑ 10 ዶላር ካሽ ስሪ ይቆርጣል። ‹ኧረ ተው› ስለው ‹ወጣልኝም አልወጣልኝም ገንዘቡ ለትምህርት ነው የሚሄደው፤ ነገ ወንድምሽ የሚማርበት ነው› ይለኛል። ከእኔ ሎተሪ የሚገዛው አብዛኛው ሰው እንደ እኛው ኑሮ የከበደው ነው። ድሃ ለምን ያበዛዋል? ፖለቲከኞቹስ ለምን አይነኩትም? አንድ ትንሽ ፓርቲ ተነስቶ ይህን አስተካክላለሁ ቢል ሰው ይከተለዋል ወይ?»

እህቴ፣ ሦስት ነገር ነው የጠየቅሽው፤ ሦስቱም ግን ሥረ መሠረታቸው አንድ ነው። የእኔ ሙያ የመንግሥት ገቢና ወጪ ነው። ገንዘቡ ከማን ኪስ ወጥቶ ማን ኪስ ገባ የሚለውን መከታተል ማለት ነው። የጆርጂያን ሎተሪ እንዲህ ስትከታተይው ገንዘቡ ከታች ወደ ላይ ሲሄድ ታያለሽ። ኑሮ የከበደው ይከፍላል፤ ደህና ኑሮ ያለው ቤተሰብ ያገኛል። ፖለቲከኞቹ የማይነኩትም ለዚሁ ነው። ዓመታቱን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

ከጋሼ ቲኬት እንጀምር። ካሽ ስሪ ከ000 እስከ 999 ካሉት 1,000 ቁጥሮች አንዱን መምረጥ ነው። በአንድ ዶላር ቆርጠሽ ቁጥሩ በቅደም ተከተሉ ከወጣ 500 ዶላር ይከፈልሻል። ዕድልሽ ከ1,000 አንድ ነው፤ ክፍያው ግን 500 ብቻ። ስለዚህ ከምታወጪው እያንዳንዱ ዶላር በአማካይ 50 ሳንቲም ይመለሳል።

ጋሼ በየቀኑ አሥር የተለያዩ ቁጥሮች በአንድ አንድ ዶላር ይቆርጣል እንበል። በዓመት 3,650 ዶላር ነው። ቁጥሮቹ አሥር ስለሆኑ በየቀኑ ያለው ዕድል ከመቶ አንድ ነው። ይህ ማለት በዓመት በአማካይ ሦስት አራት ጊዜ ይወጣለታል። ይህቺን ነገር ልብ በያት። ሰው ሁሉ «ሎተሪ እኮ አይደርስም» ይላል፤ ጋሼን ግን በእውነት ደርሶታል፣ ከአንዴም ብዙ ጊዜ። 500 ዶላር አነስተኛ ሽልማት ስለሆነ ወደ ሎተሪ ቢሮ መሄድ አያስፈልገውም። አንቺው ከመሳቢያ ቆጥረሽ ትሰጪዋለሽ። የዚያን ቀን ቤት ውስጥ ሥጋ ይገዛል፣ ለልጆቹ ጫማ ይመጣል፣ ዘመድ ይሰማል። ምንም ያልወጣባቸውን 360 ቀናት ግን ማንም አያወራቸውም። ዓመቱ ሲያልቅ ከጋሼ ኪስ 1,825 ዶላር ጎድሏል።

በዓመት 25,000 ዶላር ለሚያገኝ ሰው ይህ ከገቢው 7.3 ከመቶ ነው። 150,000 የሚያገኝ ሰው ልክ እንደ ጋሼ ቢጫወት ከገቢው 1.2 ከመቶ ብቻ ነው የሚነካው። አንድ መንግሥት እንዲህ ያለ ታክስ በአዋጅ ቢያወጣ ሰው አደባባይ ይወጣ ነበር።

ድሃ ለምን ያበዛዋል ለሚለው ብዙ ሰው «ሒሳብ ስለማያውቅ» የሚል መልስ ይሰጣል። እኔ አልቀበለውም። የእኛ ሰው ሒሳብ ያውቃል። በ2008 የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፒትስበርግ ውስጥ አውቶቡስ የሚጠብቁ መንገደኞችን አነጋግረው ነበር። መጠይቅ አስሞልተው ለእያንዳንዱ 5 ዶላር ሰጡ፤ ከፈለገ በዚያው ገንዘብ የስክራች (ተፍቆ የሚታይ) ሎተሪ መግዛት ይችላል። ለግማሾቹ የተሰጠው መጠይቅ ላይ የገቢ ምርጫዎቹ በጣም ከፍ ተደርገው ስለተጻፉ አብዛኞቹ ሰዎች ታችኛው ሳጥን ውስጥ ወደቁ። ድሃ እንደሆኑ እንዲሰማቸው ተደረገ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ ወደ እጥፍ የሚጠጋ ቲኬት ገዙ። ኪሳቸው ውስጥ የተለወጠ ነገር አልነበረም። የተለወጠው ከሌላው በታች ነኝ የሚለው ስሜት ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ሌላም ነገር አገኙ። ሎተሪ ፊት ሀብታሙም ድሃውም እኩል ዕድል እንዳለው ሰዎቹን ሲያስታውሷቸው ግዢው ጨመረ። በሥራ፣ በባንክ፣ በቤት ኪራይ ቦታ ሁሉ እኩል ላልሆነ ሰው እኩል የሚያስተናግደው ያ የሎተሪ ማሽን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጥቅል ገንዘብ ነው። ከወር ወር የሚኖር ሰው በቀን 10 ዶላር ቢያጠራቅም ገንዘቡ አይቀመጥለትም። መኪናው ይበላሻል፣ አገር ቤት ሰው ይታመማል፣ ያቺው ትወጣለች። ባንክ አያበድረውም። 500 ዶላር በአንዴ እጁ የሚገባበት መንገድ ጥቂት ነው። እዚህ ላይ ዕቁብን አስቢው። ዕቁብም ዕጣ ነው፣ ጥቅል ገንዘብ ነው። ግን ሁሉም ተራው ይደርሰዋል፤ የገባው ገንዘብም ሳይጎድል ይወጣል። ሎተሪ ማለት ዳኛው በየዙሩ ግማሹን ወስዶ የተረፈውን የሚያወጣበት ዕቁብ ነው።

የእኛ ሰው ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው ዲቪ ደርሶን ነው። በዕጣ ሕይወቱ ሲለወጥ ያየ ሰው ዕጣን ቢያምን አይገርመኝም።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ተጠንቷል። ኢኮኖሚስቷ ሜሊሳ ከርኒ በ2005 ባወጣችው ጥናት፣ አንድ ስቴት ሎተሪ ሲጀምር ቤተሰቦች ለቲኬት የሚያወጡትን ገንዘብ ከሌላ ቁማር እንደማይቀንሱት አሳየች። ከሌላ የቤት ወጪ ነው የሚቀንሱት። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤቶች ውስጥ ደግሞ ከሚቀነሰው መሐል የምግብና የቤት ኪራይ ገንዘብ አለበት። ባንኮኒው ጀርባ ቆመሽ የምታዪው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልውሰድሽ፤ ሰፋ አድርጌ ማየት የምፈልገው እሱን ነው።

በጆርጂያ ሎተሪ ከመቶ ዓመት በላይ በሕገ መንግሥት የተከለከለ ነበር። በ1990 ዜል ሚለር የተባለ ዴሞክራት ለአገረ ገዥነት ተወዳደረ። ከ1975 ጀምሮ ምክትል አገረ ገዥ የነበረ ሰው ነው። በገዛ ፓርቲው ውስጥ የገጠመው አንድሩ ያንግ ነበር፤ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድ፣ በተባበሩት መንግሥታት የአሜሪካ አምባሳደርና የአትላንታ ከንቲባ የነበረ ትልቅ ስም። ሚለር አንድ ነገር ይዞ ወጣ፦ ሎተሪ አመጣለሁ፣ ገንዘቡን ለትምህርት አውላለሁ። ምርጫውን አሸነፈ። ሎተሪው በኅዳር 1992 ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይ ባፕቲስቶቹ፣ አጥብቀው ተቃወሙ። በጠባብ ልዩነት አለፈ። በሰኔ 1993 የመጀመሪያው ቲኬት ተሸጠ።

የዚህን ብልሃት ልንገርሽ። በደቡብ ስቴቶች ታክስ እጨምራለሁ ያለ ፖለቲከኛ አይመረጥም። ሚለር ግን አዲስ ገቢ አገኘ፤ ማንም ተገድዶ አልከፈለም። ገንዘቡን ደግሞ ፊት ለፊት በሚታይ ነገር ላይ አዋለው፤ ለአራት ዓመት ሕፃናት ነፃ ፕሪኬ (ከመዋዕለ ሕፃናት በፊት የሚሰጥ ትምህርት) እና ለኮሌጅ የሚከፍለው ሆፕ ስኮላርሺፕ። ፍሎሪዳ ከእሱ ቀድማ ሎተሪ ጀምራ ነበር። እዚያ ግን የሎተሪው ገንዘብ ሲገባ መደበኛው የትምህርት በጀት ሊያድግ በሚገባው ልክ አላደገም ተብሎ ብዙ ተወቅሷል። ሚለር ይህን ስላየ ገንዘቡ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ አደረገ። እኔ የሚለርን ሐሳብ ክፉ ነበር አልልም። ፕሪኬው እስከ ዛሬ የማንንም ገቢ ሳይጠይቅ የድሃውንም የሀብታሙንም ልጅ ይቀበላል። ከ1993 ወዲህ ለትምህርት የገባው ገንዘብ ከ25 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ጎረቤቶቹ ወዲያው ተከተሉት። በ1998 በሳውዝ ካሮላይና ጂም ሆጅስ የሚባል ዴሞክራት በሥልጣን ላይ የነበረውን ሪፐብሊካን ያሸነፈው በዚሁ የሎተሪ ቃል ነው። በምርጫ ማስታወቂያው ላይ የቀረበው ሰው ልክ እንዳንቺ በጆርጂያ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ካሸር ነበር። የሳውዝ ካሮላይና ሰዎች ድንበር ተሻግረው ሎተሪ እየገዙ የጆርጂያን ልጆች ስላስተማሩ ያመሰግናቸዋል። ማስታወቂያው በጣም ሠራ። በዚያው ዓመት በአላባማም ዶን ሲግልማን በዚሁ ቃል ተመረጠ። እዚያ ግን ቤተ ክርስቲያኖቹ በረቱና ሕዝቡ በ1999 ሎተሪውን ራሱን ውድቅ አደረገው። አላባማ አሁንም የስቴት ሎተሪ የላትም። በደቡብ እየተዳከመ የነበረው የዴሞክራቶቹ ፓርቲ ለጥቂት ዓመታት የቆመው በአንዲት ቃል ነበር ብል አላጋነንኩም።

እንግዲህ ወደ ሆፕ እንምጣ። ጋሼ «ለትምህርት ነው» ያለው ውሸት አይደለም። ሕጉ እስከተቻለ ድረስ ቢያንስ 35 ከመቶ ለትምህርት ይሁን ይላል። በተግባር የሚደርሰው ከዶላሩ ከሩብ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። የቀረው ለሽልማት፣ ለሻጭ ኮሚሽንና ለማስታወቂያ ይሄዳል። ትምህርቱ ግን የማን ልጅ ትምህርት ነው?

ሆፕ ሲጀመር የገቢ ጣሪያ ነበረው። ቤተሰቡ በዓመት ከ66,000 ዶላር በላይ ካገኘ ልጁ አይወስድም ነበር። ወዲያው ጣሪያው ወደ 100,000 ከፍ አለ። በ1995 ጨርሶ ተነሳ። የሐኪም ልጅም የነጋዴ ልጅም የሃይስኩል አማካይ ነጥቡ ከ4.0 ቢያንስ 3.0 ከሆነ ይወስዳል። በዚያው ጊዜ አንድ ሌላ ደንብ ነበር፤ እሱን ባነሳሁ ቁጥር ያናድደኛል። አንድ ድሃ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት ፔል ግራንት (ለድሃ ተማሪ የሚሰጥ የማይመለስ ድጋፍ) ካገኘ ያው ገንዘብ ከሆፕ ላይ ይቀነስበት ነበር። ስለዚህ ብዙ ድሃ ተማሪዎች እጅ ላይ የሚቀረው ለመጻሕፍት የሚሰጠው ትንሽ ገንዘብ ብቻ ነበር። ጎረቤቱ ያለ ምንም ቅነሳ ሙሉውን ይወስዳል። ይህ ደንብ እስከ 2000 አካባቢ ቆየ።

ኢኮኖሚስቷ ሱዛን ዳይናርስኪ በዚያን ጊዜ የሆፕን ውጤት መርምራ ነበር። ወደ ኮሌጅ የገባው ተማሪ ቁጥር በእርግጥ ጨምሯል፤ ጭማሪው ግን በመካከለኛና ከፍተኛ ገቢ ቤተሰቦች ዘንድ ነው፤ ልዩነቱም ሰፋ። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ሌላ ቦታ ሄደው አዩ፤ የመኪና ምዝገባ ጋ። ሆፕ የሚያገኙ ተማሪዎች በሚበዙባቸው ካውንቲዎች የመኪና ምዝገባው ከፍ ብሏል። ልጁን ለኮሌጅ ለመክፈል ገንዘብ ይዞ የነበረ ወላጅ ክፍያው ሲቀርለት መኪና ገዛ። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ እንደ ጋሼ በየቀኑ የሚቆርጠው ሰው ነው።

አሁን ፖለቲከኞቹ ለምን እንደማይነኩት ግልጽ ይሆንልሻል። የሆፕ ወላጆች በአትላንታ ዙሪያ፣ በኮብ፣ በግዊኔት፣ በሰሜን ፉልተን ያሉ ደህና ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ናቸው። ይመርጣሉ፣ ይደውላሉ፣ ስብሰባ ይመጣሉ። ቲኬት ቆራጩ ብዙ ጊዜ ሁለት ሥራ ላይ ነው፣ ወይም ግሪን ካርድ ብቻ ነው ያለው፣ ወይም ምርጫው ቀን አያመቸውም። በ2011 ገንዘቡ ሲያጥር የሆነውን ተመልከቺ። የገቢ ጣሪያ ይመለስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። በምትኩ 3.7 ነጥብና ከፍ ያለ የፈተና ውጤት ላላቸው ሙሉ ክፍያ ተጠበቀላቸውና ዜል ሚለር ስኮላርሺፕ ተባለ፤ የሌሎቹ ክፍያ ተቀነሰ። የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ደግሞ የ3.0 ነጥብ ግዴታ ተጣለ። ቀን ሥራ እየሠሩ ማታ ብየዳ ወይም ነርሲንግ የሚማሩ ሰዎች ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ድጋፉን አጡ። ይህኛው በ2013 ወደ 2.0 ተመለሰ። ተራው የሆፕ ክፍያም ከ2023 ጀምሮ እንደገና ሙሉ ሆኗል። የገቢ ጣሪያው ግን አልተመለሰም። ድሃ መሆኑን አይቶ የሚረዳ ሰፊ የስቴት ድጋፍ ሳይኖራት ጆርጂያ ለብዙ ዓመታት ቆይታለች፤ ይህ ለእኔ ትልቁ ነውር ነው።

ትንሽ ፓርቲ ስላልሽው፣ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መንገዱ ግን ጠባብ ነው። ጆርጂያ ውስጥ እውቅና የሌለው ፓርቲ ለፌዴራል ምክር ቤት ዕጩ ለማቅረብ በወረዳው ከተመዘገበው መራጭ 5 ከመቶውን ማስፈረም አለበት። ሕጉ የወጣው በ1943 ነው። እስካሁን በዚህ መንገድ ዕጩ አስመዝግቦ ያለፈ ትንሽ ፓርቲ የለም። ስቴቱን በሙሉ በሚሸፍኑ ምርጫዎች ግን ሊበርታሪያን ፓርቲ (የመንግሥት ሚና ይቀነስ የሚል ትንሽ ፓርቲ) ይወዳደራል፤ ጉልበቱንም ያገኘው ከሌላ ደንብ ነው። እዚህ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሁለቱ እንደገና ይወዳደራሉ። ሎተሪው በጸደቀበት በዚያው የኅዳር 1992 ቀን የሊበርታሪያኑ ዕጩ ጥቂት ድምፅ ወስዶ የሴኔቱን ውድድር ወደ ሁለተኛ ዙር ገፋው፤ መጀመሪያ የመራው ዴሞክራቱ ዋይች ፋውለርም በድጋሚው ተሸነፈ። በ2020 የሴኔት ውድድር የሊበርታሪያኑ ዕጩ 2.3 ከመቶ አገኘ፤ ዴሞክራቱ ጆን ኦሶፍ በመጀመሪያው ዙር ሁለተኛ ወጥቶ በድጋሚው አሸነፈ፤ የአሜሪካ ሴኔትም ከሪፐብሊካኖች እጅ ወደ ዴሞክራቶች ዞረ። በ2022 የዴሞክራቱ ዋርኖክና የሪፐብሊካኑ ዎከር የሴኔት ውድድርም እንዲሁ ሊበርታሪያኑ በወሰደው 2 ከመቶ ወደ ድጋሚ ሄደ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። «የገቢ ጣሪያው ይመለስ» ብቻ የሚል ትንሽ ፓርቲ መቀመጫ አያገኝም። ከሚለር መማር ያለበት ነገር አለ፤ ቃሉ ለማን ምን እንደሚሰጥ በስም መናገር አለበት። «የቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ልጅሽ መጓጓዣና መጽሐፍ ይከፈልለታል» ሲባል እናት ትሰማለች። «ፍትሐዊ ሥርጭት» ሲባል ማንም አይሰማም። እንዲህ ያለ ቃል 2 እና 3 ከመቶ ድምፅ ከሰበሰበ ሁለቱ ትልልቆች ውድድሩ ሲጠባባቸው ሐሳቡን ወስደው የራሳቸው ያደርጉታል። በአሜሪካ ትንሽ ፓርቲ የሚያሸንፈው በአብዛኛው እንዲህ ነው። ለእኔ ከፓርቲው ይልቅ ቅርብ የሚሆነው ክላርክስተን ያለችበት የዲካልብ ካውንቲ የስቴት እንደራሴዎች ቢሮ ነው። የእኛ ማኅበረሰብ ዜግነት ያለው ሁሉ ተመዝግቦ ቢመርጥና ይህን አንድ ጥያቄ ይዞ ቢሄድ መስማታቸው አይቀርም።

ጋሼን በተመለከተ አትጨቃጨቂው። ቲኬቱን እየሸጥሽለት ክፉ ነው ብትይው አይሰማሽም። ለሁለት ወር ያወጣውንና የገባውን ማስታወሻ ላይ አብራችሁ ጻፉ። ጥቅል ገንዘብ ነው የሚፈልገው ካልሽ፣ ያው 10 ዶላር በወር 300 ነው። አሥራ ሁለት ሰው ያለበት የ300 ዶላር ዕቁብ 3,600 ዶላር በአንዴ ይሰጠዋል። በሎተሪው ግን በአማካይ ዓመቱን ሙሉ 1,825 ነው የሚሰበስበው፣ ያውም ተቆራርጦ። ለጨዋታው ሲል በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ዶላር ቢቆርጥ ምንም አይደለም።

ለወንድምሽ ደግሞ ዛሬውኑ አድርጊለት። የሆፕ ነጥብ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። የሚያዘውም የእንግሊዝኛ፣ የሒሳብ፣ የሳይንስ፣ የማኅበራዊ ሳይንስና የውጭ ቋንቋ ነጥብ ብቻ ነው። በስፖርትና በሥዕል ያገኘው ኤ አይገባም፤ ብዙ የእኛ ልጆች 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ነው የሚደነግጡት። የጆርጂያ ተማሪዎች ፋይናንስ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ሒሳብ ከፍቶ ነጥቡን ራሱ ማየት ይችላል። ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የመጣና ጥገኝነቱ የጸደቀለት ሰው ይፈቀድለታል፤ የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ውሳኔ የሚጠብቅ ግን አይወስድም። ሃይስኩል ሲጨርስ የጆርጂያ ነዋሪ ከነበረ የ12 ወር ነዋሪነት ይበቃዋል፤ ካልነበረ 24 ወር ነው። ነጥቡ 3.0 ካልሞላም በሩ አልተዘጋም። ጆርጂያ ፒድሞንት ቴክኒካል ኮሌጅ እዚያው ክላርክስተን ነው ያለው። እዚያ ለሰርተፍኬትና ለዲፕሎማ የሚከፍለው ሆፕ ግራንት የሃይስኩል ነጥብ አይጠይቅም። ለነርሲንግ ረዳትነት፣ ለትልቅ መኪና መንጃ ፈቃድና ለብየዳ ደግሞ ተጨማሪ የሆፕ ካሪየር ግራንት አለ። ሄደሽ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮውን አነጋግሪ፤ ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ።